የስኳር ታማሚዎቼ ብከለክላቸውም ይጾማሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ወሎ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ከተመደብሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ታካሚዎቼ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ናቸው፤ አብዛኞቹ ይጾማሉ። እንዳይጾሙ እነግራቸዋለሁ፣ እሺ ይላሉ፤ ከዚያ ስኳራቸው ወርዶ ድንገተኛ ክፍል አገኛቸዋለሁ። ጠበል ሲገቡ መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ። ከከሚሴና ከአፋር ከሚመጡት ጋር ደግሞ በቋንቋ አንግባባም። ሃይማኖታቸውንና ባህላቸውን ሳልጋፋ፣ ሕይወታቸውንም ለአደጋ ሳልሰጥ እንዴት ላክማቸው?»

ምላሽ፦ በዕድሜም በሙያም ስለምቀድምሽ «አንቺ» እያልሁ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ አምናለሁ። አንቺ ግን በክፍልሽ በር የሚገባውን አዋቂ ሁሉ፣ ባዶ እግሩን ይምጣ ጫማው ያብረቅርቅ፣ አንቱ በይ። አንቱ ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚነግርሽ የሕመም ታሪክና «ና ግባ፣ ምንህን ነው?» የተባለ ሰው የሚነግርሽ ታሪክ አንድ አይደሉም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ታካሚዎችሽ መጾማቸው ያን ያህል አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ አንቺ ሳታውቂ መጾማቸው ነው። መድኃኒቱ ከጾሙ ጋር የተስተካከለለት ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ጾሙን በሰላም ጾሞ በሰላም ይፈታል። ተከልክሎ እሺ ያለ ታካሚ ግን ጾሙን አይተውም፤ ላንቺ መንገሩን ነው የሚተወው። ከሩቅ ወረዳ ተነሥቶ፣ ለመኪና ከፍሎ፣ ወረፋ ጠብቆ የመጣ ገበሬ ፊት ለፊትሽ ቆሞ «አይ፣ ልጾም ነው» አይልሽም፤ ነውር ነው። እሺ ብሎሽ ይወጣል፣ ከዚያ የሚጠይቀው የነፍስ አባቱን ወይም ጎረቤቱን ነው። የክኒኑን ሰዓት ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አያውቁትም።

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚከተል ድንገተኛ ክፍል ስለምታዪው አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፍልሰታ ነው። አንዲት እናት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደወትሮዋ 5 ሚሊ ግራም ግሊቤንክላማይድ ውጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ክኒኑ ቆሽቷን እየጨመቀ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ሆዷ ውስጥ ግን ምንም የለም። ወደ 6 ሰዓት ገደማ ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የማይገናኝ ነገር መናገር ትጀምራለች። አጠገቧ የቆሙት ሰይጣን ያደረባት መስሏቸው ጠበል ይረጩባታል፣ መስቀል ያስነኳታል። ስኳር ሊያልሳት የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ብታገግም እንኳ ከቅዳሴ በፊት ምንም አልቀምስም ትላለች። አንቺ ዘንድ የምትደርሰው ራሷን ስታ ነው። እግረ መንገዴን፦ 40 በመቶ ግሉኮስ ሰጥተሽ ዓይኗን ስትገልጥ ደስ ብሎሽ ወደ ቤቷ አትስደጃት። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ይሠራል፤ ኩላሊቷ ደካማ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። አስተኝተሽ ተከታተያት፤ ሌሊቱን መልሶ ሊጥላት ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አጠያየቅን መቀየር ነው። «ይጾማሉ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ከሐኪም አፍ ሲወጣ የክስ ድምፅ አለው። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?» በይ። መጾማቸውን እንደምታውቂና እንደማትቆጪ የሚናገር ጥያቄ ነው። ለክርስቲያኗ ቀጥለሽ ያስቀድሱ እንደሆነ፣ ይቆርቡ እንደሆነ ጠይቂ፤ ቆራቢ ከሆኑ ከቁርባን በፊት ከ15 እስከ 18 ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ለሙስሊሟ ሱሑር ላይ፣ ማለትም ጎህ ሳይቀድ፣ ተነሥተው ይበሉ እንደሆነ ወይስ ማታ በልተው እስከ ማግስቱ ምሽት ይውሉ እንደሆነ ጠይቂ። ከረመዷን ውጭ ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ እንዳሉ፣ ከረመዷን በኋላም የሸዋልን 6 ቀን የሚጨምሩ እንዳሉ እወቂ። በወር አበባ ምክንያት ያለፏቸውን ቀናት በሌላ ጊዜ ቀዷ የሚያወጡ ሴቶች ደግሞ አንቺ ረመዷን አልቋል ብለሽ መድኃኒቱን ወደ ቀድሞው ሰዓት ስትመልሺ ገና እየጾሙ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሙስሊም ወይም ሁሉም ክርስቲያን አንድ ዓይነት አይጾምም። አንዱ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ይውላል፤ ሌላው ቁርሱን በልቶ ሥጋና ወተት ብቻ ይተዋል፤ ሦስተኛው የሚያከብረው ፍልሰታን ብቻ ነው። ከስሙ ወይም ከአንገቱ ማዕተብ ተነሥተሽ አትገምቺ፤ ራሱን ጠይቂው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ለረመዷን በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንና በአጋሮቹ የተዘጋጀ በቂ መመሪያ ስላለ ብዙ አልዘረዝርም። በአጭሩ፦ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች ማውረዱ ብርቅ ስለሆነ የሚያስፈልገው ሰዓት ማዛወር ነው። በቀን ሦስት ጊዜ 500 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው 1,000ውን በኢፍጣር፣ ማለትም ምሽት ጾሙን ሲፈታ፣ 500ውን በሱሑር ይወስዳል። ግሊቤንክላማይድ ከሆነ የጠዋቱ መጠን ወደ ኢፍጣር ይዛወራል፣ የማታው ግማሽ ሆኖ በሱሑር ይወሰዳል ወይም ይቀራል። በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች የጠዋቱን መጠን በኢፍጣር፣ የማታውን ወደ ግማሽ ቀንሰው በሱሑር ይወጋሉ። ይህ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው የጣት ደም ምርመራው ነው። ታካሚው «ጣቴን ብወጋ፣ ኢንሱሊን ብወጋ ጾሜ ይፈርሳል» ብሎ እንደሚፈራ አትርሺ። አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት አይፈርስም ይላሉ፤ አካባቢው ያለ ሼኽ ይህን አንድ ጊዜ መስጊድ ውስጥ ቢናገር የአንድ ዓመት የግድግዳ ማስታወቂያሽን ይበልጣል።

የእኛ የኦርቶዶክሱ ጾም ግን ከረመዷን ተቀድቶ የሚታከም አይደለም። ሱሑር የለውም፤ ታካሚው ያደረው ማታ በበላው ነው። የሚፈታውም እንደየጾሙና እንደየሰዉ በ6፣ በ7 ወይም በ9 ሰዓት ነው፤ ሰሙነ ሕማማት ላይ ወደ ምሽት ይገፋል። በዚህ አኳኋን የጠዋት ክኒን ማለት ለባዶ ሆድ የታዘዘ ክኒን ማለት ነው። ግሊቤንክላማይዱን ከመጀመሪያው ምግብ ጋር አድርጊው፤ ማዘዣው ላይም «ጠዋት» ብለሽ አትጻፊ፣ «ጾሙን ሲፈቱ፣ ከምግብ ጋር» ብለሽ ጻፊ። የስኳሩ መጠን የሚፈቅድ ከሆነ ለጾሙ ወራት በሜትፎርሚን ብቻ ማቆየት የተሻለ ነው። ኤን ፒ ኤች ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ጫፍ ይደርሳል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ስኳሩ በጣም የሚወርደው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ልክ ምግብ ሳይቀምስ በሚቆይበት ሰዓት ነው። የጠዋቱን መጠን ሳትቀንሺ ወይም ሰዓቱን ሳትቀይሪ «ይጹሙ» ማለት አይቻልም።

ብዙ ወጣት ሐኪሞች የማያስተውሉት ነገር አለ። በኦርቶዶክሱ ጾም ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ከጥሉላት መከልከልና እስከተወሰነ ሰዓት ከምግብ መከልከል። የስኳር ታማሚን የሚጥለው ሁለተኛው ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል መተዉ ራሱ አይጎዳውም። ስለዚህ «አይጹሙ» በማለትና «እንደፈለጉ ይጹሙ» በማለት መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ጥሉላቱን ትተው ሰዓቱን ያሳጥሩ። ይህን ብዙ የነፍስ አባቶች ለታመመ ልጃቸው ያለ ክርክር ይፈቅዳሉ። ታካሚው ጾሙን ጾመ፣ ክኒኑም ቁርስ አገኘ። ለሙስሊሙም እንዲሁ ከውስጥ የሚወጣ መንገድ አለ፦ ታማሚ በሌሎች ቀናት እንደሚተካ በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ ተነግሯል፤ መዳን የማይጠበቅለት ደግሞ ለሚስኪን በማብላት ፊድያ ያወጣል።

ነገር ግን ይህን አንቺ አትስበኪ። ነጭ ጋውን ለብሶ ጥቅስ የሚጠቅስ ሐኪም አይጥመኝም፤ ታካሚውንም አይጥመውም። ክርስቲያን ሐኪም ለሙስሊም ታካሚ ቁርኣን ሲጠቅስ ወይም ሙስሊም ሐኪም ለቄስ ስለ ጾም ሲያስረዳ ምን ያህል ጆሮ እንደሚያስዘጋ ገምቺው። የተሻለው አጭር ደብዳቤ ነው። «ለክቡር የንስሓ አባታቸው፦ እኚህ ታካሚ በዚህና በዚህ ምክንያት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ ምግብ መቆየት አደጋ ያመጣባቸዋል፤ ምክርዎን እንዲለግሷቸው እጠይቃለሁ» ብለሽ ጻፊና ማኅተም አስደርጊበት። ለሼኹም እንዲሁ። ደብዳቤው ታካሚውን ከፍርሃት ያወጣዋል፤ ጾሙን የተወው በራሱ ድካም ሳይሆን በአባቱ ቃል ይሆናል።

ጭራሽ እንዳይጾሙ አጥብቀሽ የምትናገሪያቸውም አሉ። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ወጣት፣ ኢንሱሊን የምትወጋ ነፍሰ ጡር፣ ባለፉት 3 ወራት ስኳሩ በጣም ወርዶ ወይም በአሲድ መብዛት ተኝቶ የነበረ፣ ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመ፣ ስኳሩ ሲወርድ ምልክቱ የማይሰማው። ለእነዚህ ለስላሳ ቃል አትፈልጊ። እንዲህም ሆኖ የሚጾም ይኖራል፤ ያኔም በሩን አትዝጊበት። ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያውኑ እንዲያፈርስ ተስማሙ፤ መለኪያ ከሌለው ላብን፣ መንቀጥቀጥንና የልብ ምት መፍጠንን አስተምሪው። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ወይም ቴምር ይያዝ። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰውም ይወቅ፤ ቅድም የነገርሁሽ እናት አጠገቧ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ እስከ ድንገተኛ ክፍል ባልደረሰች ነበር።

የጾም ምግቡንም ተመልከቺው። ጥሉላት ሲወጣ የሚገባው ዳቦ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ በሶና ብዙ እንጀራ ነው፤ ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳ፣ ቴምርና ጭማቂ። ቀን ወርዶ ማታ ሰማይ የሚነካ ስኳር የሚመጣው ከዚህ ነው። ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን አብዝተው እንጀራውን ይቀንሱ። የፋሲካ ማግስትን ደግሞ ከልብ ታማሚዎችሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪበት፤ ከ55 ቀን በኋላ የሚመጣው ሥጋ፣ ቅቤና ጨው ሳንባቸውን ውኃ ሞልቶ ያመጣቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ውስጥ የሚያሸና መድኃኒት ያላቸውን ሰዓት አዛውሪላቸው፤ ውኃ ሳይጠጡ ለሚውሉ ሰዎች ጠዋት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መስጠት ማድረቅ ነው። የመጠጥ ልምድ ስትጠይቂም ጠላን፣ ጠጅንና አረቄን አንድ በአንድ በስማቸው ጥሪ፤ አልኮል አልጠጣም የሚልሽ ሰው ለበዓል የተጠመቀውን ጠላ እየቆጠረው ላይሆን ይችላል።

ቀጠሮሽንም በቀን መቁጠሪያው ምሪው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዷን በጥቂት ቀናት ልዩነት ተከታትለው ነበር የገቡት፤ እንዲህ ሲገጥም የክትትል ክፍል በአንድ ሳምንት ይጨናነቃል። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ሁለቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ታካሚው ጾሙ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ እንዲመጣ አድርጊ፤ ጾሙ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ምክር ብዙም አይጠቅምም።

ስለ ጠበሉ። መድኃኒት አቋርጠው ጠበል ገቡ ያልሽውን መጀመሪያ አጣሪው። እኛ ሐኪሞች «ባህላቸው ነው» ብለን የምንጽፈው ብዙ ነገር ኪሳቸው ነው። ፋርማሲው ኢንሱሊን የለም ብሎ ሁለቴ የመለሰው፣ ውጭ ገዝቶ ያቃተው ሰው ጠበል ቢሄድ ምን ይደንቃል? ጠበሉ ቢያንስ ወረፋው ያልቃል፣ ባዶ እጁንም አይመልሰውም። ካርዱ ላይ «በሃይማኖት ምክንያት መድኃኒት ያቆመ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ፋርማሲው ግን አይጻፍም። ስለዚህ «መድኃኒቱ አልቆብዎት ነበር?» ከሚለው ጀምሪ።

ካመነበት ሄዶ ከሆነ ደግሞ ምርጫ ውስጥ አታስገቢው። «መድኃኒት ወይስ ጠበል?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም አስቀድሞ ተሸንፏል። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፤ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን በነበሩበት በዚያ ዘመን ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። ይህን ለታካሚሽ ብትነግሪው ስብከት አይሆንም፤ ታሪክ ነው። ከዚያ ወደ ተግባሩ ግቢ፦ ስንት ቀን ነው የሚቆዩት? ሱባኤው 7 ቀን ከሆነ የ7 ቀን ሳይሆን የ3 ሳምንት መድኃኒት ስጪ፤ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። የሚጥል በሽታ ያለበትን ግን አስጠንቅቂ፤ ፌኖባርቢታልን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ የማይቆም መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ስንት ይጠጣሉ? የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ላለበት ሰው ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ጠበል በጣሳ ሳይሆን በጀሪካን የሚጠጣበት ቦታ አለ፤ በፈሳሽ ገደብ ላይ ያለ ሰው በ3 ቀን ውስጥ አብጦ ይመለሳል። እንዲጠመቁ፣ ለበረከት አንድ ኩባያ እንዲቀምሱ፣ ከዚያ በላይ እንዳይጠጡ ስትመክሪ፣ ከአጥማቂው አባት ጋር መነጋገር ከቻልሽ የተሻለ ነው።

እግራቸውን እይ። ይህን ብዙ ሰው አያያይዘውም። ስኳር የእግርን ስሜት ይነጥቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጫማ ይወለቃል። መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ወጥቶ የተመለሰ የስኳር ታማሚ ካለሽ በመጀመሪያው ቀጠሮው ካልሲውን አስወልቂው። ድንጋይ የቆረጠውን፣ የጠጠር ትኩሳት የለበለበውን እግር ራሱ አላወቀውም ይሆናል። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ እንዲያጠልቅ ንገሪው። አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርገውም ከታጠበ በኋላ በጣቶቹ መካከል በደንብ እንዲያደርቅ ምከሪው፤ እርጥበት ያለበት ቦታ በፈንገስ ይቆስላል።

ሰውነታቸው ላይ ያለውን ነገርም በጥንቃቄ ንኪ። ማዕተብ በመቀስ መቁረጥ የተለመደባቸው የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ ይህ ሊቆም የሚገባው ነገር ነው። ለባለቤቱ የጥምቀቱ ምልክት ነው፣ ራሱን ስቶ ሲነቃ አንገቱ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የተሰማውን ላንቺ አይነግርሽም፤ ወደ ሆስፒታሉ ዳግም ላለመምጣት ግን ይወስናል። በፕላስተር መለጠፍ ወይም ወደ እጅ አንጓ ማዛወር ይቻላል። ክታብ ወይም ሒርዝ ያሰረውም እንዲሁ፤ ኤክስሬይ የሚያጋርድ ከሆነ ራሱ እንዲያነሣው ጠይቂና ለአስታማሚው ስጪ። ለሙስሊም ሴት ሴት ነርስ ካለች እሷ ታስገባት፣ ከሌለችም የሚመረመረውን ቦታ ብቻ ግለጪ፤ ክርስቲያኗም ብትሆን የምትፈልገው ይህንኑ ነው። ካፕሱል ከምን እንደሚሠራ የሚጠይቅሽም ይኖራል። የካፕሱል ሽፋን አብዛኛው ጄላቲን ነው፣ ጄላቲንም ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ አትሳቂበት፣ የሚዋጥ እንክብል ካለ ቀይሪለት። ኢንሱሊን ግን ድሮ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር እንጂ አሁን እኛ የምንሰጠው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የሚመረት የሰው ኢንሱሊን ነው፤ ይህን መናገር ብቻውን ብዙ ሰው ያረጋጋል።

ወደ ቋንቋው። ከከሚሴ የመጣችን ኦሮምኛ ተናጋሪ እናት የወር አበባዋን ሁኔታ በ12 ዓመት ወንድ ልጇ በኩል አትጠይቂ። ልጁ ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች፣ የሚደርስሽ መልስ «ደህና ነኝ ትላለች» ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገሩትን ሠራተኞች ከጥበቃ እስከ ፋርማሲ ስማቸውን በአንድ ወረቀት መዝግበሽ ተረኛ ክፍል ለጥፊ፤ የሕመምተኛን ምስጢር ስለመጠበቅም አነጋግሪያቸው። ስትናገሪ ዓይንሽ ታካሚዋ ላይ ይሁን፣ አስተርጓሚው ላይ አይሁን። አጭር አጭር ተናገሪ። በመጨረሻ «ገባሽ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አዎ ይላል። መርፌውንና ባዶ ጠርሙሱን ሰጥተሽ «እቤት እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» በይ።

አፋሮቹ ጋር ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ይከፍላል። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየ፣ ከብቱና ዝናቡ እንዴት እንደሆነ በተራ ይነገራል፣ ይደመጣል። አንቺ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብለሽ ካቋረጥሽው የሕመሙንም ታሪክ አቋረጥሽው። ጥቂት ደቂቃ ስጪው፤ ሽማግሌው ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው የግጦሽ ቦታ ላይ እንደነበሩ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይነግርሻል፣ ከብዙ የከተማ ታካሚ የጠራ ታሪክ ነው። ቀጠሮውን ደግሞ በገበያ ቀን አስቢው። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ለገበያ ይመጣል። ከዚያ አቅጣጫ ለሚመጡት ማክሰኞን ያዢላቸው።

ኢንሱሊን ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ፍሪጅ እንደሌለው አስታውሺ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የተጀመረው ደግሞ ጥላ ባለበት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የአፋር ሙቀት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ መካከሉን በአሸዋ ሞልቶ አሸዋውን በውኃ ማራስና በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን በደረቅ አየር ውስጥ ጥሩ ያቀዘቅዛል። ገበያ ላይ ሸክላ ሠሪዎች ስላሉ ወጪው ከባድ አይደለም። አንድ ጊዜ ሠርተሽ ክፍልሽ ውስጥ አስቀምጪና አሳዪ።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ እየቆየሽ ይገጥምሻልና። ቤተሰብ በር ላይ ይዞሽ «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪው» ይልሻል። እኛ መርዶ በስልክ ወይም ለብቻው ለተቀመጠ ሰው የማንናገር፣ ዘመድ ጠርተን በማለዳ የምናረዳ ሕዝብ ነን፤ የቤተሰቡ ልመና ከዚያ የሚመጣ ርኅራኄ እንጂ ተንኮል አይደለም። አትገሥጪያቸው። ግን አትዋሺም። ታካሚውን ለብቻው «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ሲነገርዎ ማን አብሮዎት ይሁን?» ብለሽ ጠይቂ። «ለልጄ ንገሪ» ካለ ፈቃዱ ያ ነው። «ሁሉን ንገሪኝ» ካለ ደግሞ ልጁ ቢቆጣም ይነገረዋል፤ የመረጣቸውን ሰዎች አስቀምጠሽ፣ ለሊቱን ብቻውን እንዳያድር አድርገሽ።

ባህልን ማክበር ሲባል ሁሉን መፍቀድ የሚመስላቸው አሉ፤ የጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ስለ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ሲነገር ለግድግዳ መፈክር አድርገው የተዉትም እነዚሁ ናቸው። የሕፃን እንጥል መቁረጥ፣ የወተት ጥርስ መንቀል፣ የአእምሮ ሕመምተኛን ጠበል ቦታ በሰንሰለት አስሮ መግረፍ፣ የሴት ልጅ ግርዛት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ግን እዚህም ቢሆን የምትቃወሚው ድርጊቱን ነው። እናቲቱ የልጇን እንጥል ያስቆረጠችው ሳሉ ገድሎ እንዳይወስድባት ፈርታ ነው፤ ፍርሃቷን ከተቀበልሽላት በኋላ የሳንባ ምች ምልክቶችን ብታስተምሪያት ለሚቀጥለው ልጇ አንቺ ዘንድ ትመጣለች።

አሁን ከነገ ጀምረሽ የምታደርጊው። በእያንዳንዱ የክትትል ካርድ ላይ፣ ከደም ግፊቱና ከክብደቱ ቀጥሎ፣ አንድ መስመር ጨምሪ፦ የሚጾማቸው ጾሞች፣ የሚፈታበት ሰዓት፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ ለጠበል ወይም ለሥራ የሚሄድበት ወቅትና መድኃኒቱን ቤት ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው። ካንቺ በኋላ የሚመደበው ሐኪም ይህን መስመር ከባዶ አይጀምረውም፤ ታካሚውም ያንኑ ጥያቄ ለአዲስ ሰው እንደገና አይመልስም። ጾም ከመግባቱ በፊት ነርሷ ካርዶቹን አገላብጣ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን የያዙትን ለይታ ቀድማ ትጥራቸው። ሌሎቹ በቀጠሯቸው ይምጡ።